ከራጁ በፊት

በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ ራጅ አንሺ በሆነች አባል የቀረበ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ አንድ ደጋፊያችን ጥያቄ አንስተው ነበር፤ «አዲስ ዓይነት የራጅ መሣሪያ ወጥቷል ይባላል፤ ለአባሎቻችሁና ለልጆቻቸው የልብ ምርመራ እንዲውል ብንረዳችሁ ምን ትላላችሁ?» ብለው። ዕድሜዬን ራጅ ሳነሳ ስለኖርኩ መልሱን እንዳዘጋጅ ተነገረኝ።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው ልንገራችሁ። ጀርመናዊው ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ካገኘው ጀምሮ የራጅ ነገር አንድ ነው፤ ጨረሩ በሰውነት ውስጥ ያልፋል፣ ከወዲያ በኩል የሚቀበለው ነገር ይፈልጋል። እኔ ሥራ ስጀምር ተቀባዩ ፊልም ነበር። ጨለማ ክፍል ገብተን በመድኃኒት እናጥበዋለን፣ በውኃ እናለቀልቀዋለን፣ እናደርቀዋለን። ከተበላሸ ታካሚዋን ጠርተን እንደገና እናነሳለን። ዛሬ ተቀባዩ ቀጠን ያለ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። በላዩ ያለው ንጣፍ ጨረሩን ወደ ብርሃን፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠውና ምስሉ በሰከንዶች ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። ሩቅ ላለ ሐኪምም ይላካል። ከዚህም የረቀቀ አለ፤ ጨረሩን ቅንጣት በቅንጣት የሚቆጥር የሲቲ ስካን መሣሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል። የልብ ደም ሥሮች መጥበባቸውን አጥርቶ ለማየት ይረዳል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በአገራችን የብዙ ልጆችንና የብዙ ወጣት ሴቶችን ልብ የሚጎዳው ሌላ ነው፤ ከጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው።

የታናሽ እህቴን ነገር ላውጋችሁ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ነው ያደግነው። አንዱ ሲያስለው ሁላችንም እንታመም ነበር። እህቴ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ጉሮሮዋን አመማት፤ እንጥሏ ወርዷል ተብሎ ተቆረጠላት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ። ቁርጥማት ነው ብለን ቅቤ አሸናት፤ ተሻላት፤ ረሳነው። በሃያ አራት ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አራስ ሳለች ትንፋሽ አጠራት። ራጇን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ምስሉ ከመድኃኒቱ ብቅ ሲል አየሁት። የጤነኛ አዋቂ ልብ ስፋት ከደረት ስፋት ግማሽ አይበልጥም፤ የእህቴ አልፎ ሄዷል።

ያ ፊልም ምንም ጉድለት አልነበረበትም። አዲሱ ሰሌዳ ቢኖር ኖሮ ያንኑ ነገር በጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ይነግረኝ ነበር። የጠፋብን ግን ደቂቃ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። እህቴ ተራ ጠብቃ ቫልቯ ተቀየረላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ በሕይወት አለች፣ መድኃኒቷን ግን ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች።

ራጅ የሚያሳየው የልብን ጥላ ነው። ልብ ሲሰፋ፣ ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ያሳያል። ቫልቩ ገና መጎዳት ሲጀምር የሚያየው የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የምንለው ነው፤ ጨረር ስለሌለውም ለነፍሰ ጡር አያሰጋም። ከኢኮም በፊት ጉሮሮ አለ። ሕመሙ የባክቴሪያ ከሆነና በዘጠኝ ቀን ውስጥ በፔኒሲሊን መታከም ከጀመረ፣ ልብ የሚጎዳው ትኩሳት እንዳይከተል መከላከል ይቻላል። ትኩሳቱ አንዴ ከያዘ ደግሞ በየወሩ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ሳይቋረጥ እንዳይመለስ ይጠብቃል።

ቀዶ ሕክምናው ስንት ድካም እንደጠየቀ ታውቃላችሁ። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ለመርዳት በ1981 ዓ.ም. ድርጅት መሥርተው፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው በ2001 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት መሆኑ ነው። በአንድ መርፌ ልንከላከለው የምንችለውን ሕመም ይዘን እዚያ ተራ ባናበዛ ይሻላል።

ስለዚህ ለደጋፊያችን የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ምስጋናችን ብዙ ነው፤ የራጅ መሣሪያው ግን በቂ ባለሙያና የማያቋርጥ መብራት ላለው ሆስፒታል ይሁን። ለእኛ የሚበጀን ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሐኪም ላዘዘላቸው ልጆችና እናቶች የኢኮ ምርመራ ክፍያ። ሁለተኛ፣ የወር መርፌ ለሚወጉ የትራንስፖርት ገንዘብ፤ የፒያሳ ሰፈሮቻችን በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱ ወዲህ ብዙዎቻችን ርቀን ስለሄድን መርፌ የሚቋረጠው በታክሲ ሒሳብም ነው። ሦስተኛ፣ በየቡድናችን የመርፌ ቀን የሚጻፍበት አንድ ደብተር፤ ቁጠባ ስንሰበስብ «የማን ልጅ ቀረ?» ብለን እንድንጠያየቅ።

እናቶቼ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ልጆቻችሁን ጠይቁልኝ። ጉሮሮውን ያመመውና ያተኮሰው ልጅ ካለ እንጥል ቆራጭ ዘንድ አትውሰዱት፤ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እኔ የልጆቻችሁን ራጅ ማንሳት አልፈልግም።