ከትኬቱ በፊት ወረቀቱ

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በጉዞ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ጉዞ ነው። ፍራንክፈርት ተቀምጠን፣ በጽዳት፣ በአረጋውያን እንክብካቤ፣ በወጥ ቤትና በቢሮ እየሠራን፣ ከደመወዛችን ላይም ወደ አገር ቤት እየላክን፣ አውሮፓን በትንሽ ገንዘብ እንዴት እንደምናይ አስረዱን ተባልን። ርእሱ ሲሰጠን አንዳንዶቻችን አፍረን ነበር። «እናቴ የመድኃኒት መግዣ እየጠበቀች እኔ ሮም ልዝናና?» ብላ ራሷን ያልጠየቀች ሴት በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ አትገኝም። ስለዚህ ከዚያው እንጀምር።

እኛ በአብዛኛው የምንጓዘው ለሽርሽር ብቻ አይደለም። ከአንድ ቤት የወጣን ሰዎች አንዷ ሮም፣ አንዷ ስቶክሆልም፣ አንዷ ፓሪስ ቀርታለች። አገር ቤት ብንሆን ለክርስትናውም ለለቅሶውም አውቶቡስ ተሳፍረን እንደርስ ነበር። እዚህ ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ በስልክ ብቻ እንጠያየቃለን። ወደ ቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ በሒሳብ መዝገባችን የመጀመሪያው መስመር ነው፤ ማንም አይነካውም። ጉዞው ሌላ መስመር ይኑረው ነው የምንለው። የራሱ መስመር የሌለው ወጪ ሁልጊዜ ከሌላው ላይ ይሰርቃል፤ ይህን የሒሳብ ሥራችን አስተምሮናል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር በግልጽ እንንገራችሁ። ለጉዞ ከማኅበሩ ሣጥን አንድም ሳንቲም ወጥቶ አያውቅም። እናንተ የሰጣችሁት ለቋንቋ ትምህርትና ለችግረኛ እናቶች ነው፤ እዚያው ላይ ነው ያለው። የጉዞው ገንዘብ ተጓዦቹ ራሳቸው በየወሩ የሚያስቀምጡት ነው። «የጉዞ እቁብ» እያልን ብንጠራውም ዕጣ የለውም፤ ሁላችንም በአንድ ቀን የምናወጣው ቁጠባ ነው።

አሁን ስለ መጀመሪያው ጉዟችን እንናገር። ደስ የማይል ታሪክ ነው፤ ግን የተማርነው ከእርሱ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አሥራ አንድ ሆነን ወደ ሮም ለመሄድ ተነሣን። ምክንያቱ ክርስትና ነበር። አንዲት እኅታችን አብሮ አደግ ጓደኛ አለቻት፤ አብረው ከአገር ወጥተው፣ አብረው በረሃውንና ባሕሩን ያቋረጡ ናቸው። አንዷ ኢጣሊያ ቀረች፣ አንዷ ወደ እኛ መጣች። የሮሟ ሴት ልጅ ወለደችና ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ክርስትና እንድታነሣላት ይህችን እኅታችንን ጠየቀቻት። እርሷም ተጨማሪ ፈረቃ እየሠራች ገንዘቡን አጠራቀመች። ሌሎቻችን ደግሞ እግረ መንገዳችንን ሮምን እንይ፣ ዘመዶቻችንንም እንጠይቅ ብለን አብረናት ተነሣን።

አንድ ማታ 19 ዩሮ የሚል ትኬት አየን። ነገ ይጨምራል ብለን በዚያው ሌሊት ለአሥራ አንዳችንም ገዛን። የልደት ቀን ጠየቅን፣ የስም ፊደል አስተካከልን። የመኖሪያ ፈቃድሽ መቼ ያበቃል ብለን ግን ማንንም አልጠየቅንም።

በጉዞው ቀን ገና ሳይነጋ አየር ማረፊያ ደረስን። ሰነድ የሚያየው ሠራተኛ የእኅታችንን ካርድ ገለበጠው። ጊዜው ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ለእድሳት አመልክታ ነበርና ጊዜያዊ ወረቀቷን አውጥታ ሰጠችው። ያ ወረቀት ዓይነቱ ከአንድ በላይ ነው፤ አንዱ ከአገር ወጥቶ መመለስ ይፈቅዳል፣ ሌላው አይፈቅድም። የእርሷ የማይፈቅደው ነበር። ለመንን፣ አለቀስን፤ አልሆነም። እርሷ ግን አልጮኸችም። የሕፃኗን ነጭ ልብስና የአንገት መስቀሉን ከቦርሳዋ አውጥታ ለአንዳችን አስረከበችና በአውቶቡስ ወደ ከተማ ተመለሰች። በሮም ከእኛ አንዷ በእርሷ ፈንታ ሕፃኗን ታቀፈች። ክርስትና አይደገምም።

ከተመለስን በኋላ ጥፋቱ የማን ነው ብለን ተከራከርን። «ወረቀቷን ራሷ ማወቅ ነበረባት» ያልን ነበርን። ነገር ግን ትኬቱን ያጣደፍነው እኛ ነን፤ ዝርዝሩን የያዝነው እኛ ነን። ብታልፍም ኖሮ ስትመለስ ድንበር ላይ ተይዛ ከዚያ የባሰ ችግር ውስጥ ልትገባ ትችል ነበር። የከሰረችው 134 ዩሮ ነበር፤ የተጓዝነው አሥራችን እያንዳንዳችን 13 ዩሮ ከ40 ሳንቲም አዋጥተን መለስንላት። ገንዘቡ ተመለሰ፤ ቀኑ ግን አልተመለሰም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ አፍሰን መልቀምም አልቻልንም።

ከዚያ በኋላ የሥራችንን ቅደም ተከተል ለወጥን።

አንደኛው ወረቀት ነው። ጀርመን የሰጠችን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ከእርሱም ጋር የጸና ፓስፖርት፣ ወይም ስደተኛ ለሆንን ሰማያዊው የጉዞ ሰነድ በእጃችን ካለ፣ በሌሎቹ የሼንገን አገሮች ያለ ቪዛ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት እንችላለን። የሼንገን አገሮች ዛሬ 29 ናቸው። ኢጣሊያ፣ ፈረንሳይ፣ ስዊድንና ስዊዘርላንድ አሉበት፤ እንግሊዝና አየርላንድ የሉበትም። ለንደን ያለችውን እኅት ለመጠየቅ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘች ሴት ቪዛ ያስፈልጋታል። «በሼንገን ውስጥ ማን ያያል» አትበሉ። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ቁጥጥር አድርጋለች፤ አውቶቡስና ባቡር ውስጥ ፖሊስ ገብቶ ይጠይቃል። ካርዱ ከተመላሽ ቀናችን በኋላም ጊዜ ሊኖረው ይገባል። እድሳት ላይ ያለች እኅት የያዘችው ጊዜያዊ ወረቀት ወጥቶ መመለስ ይፈቅድ እንደሆነ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮን በጽሑፍ ጠይቃ መልሱን ታሳየናለች። የጥገኝነት ጥያቄዋ ገና ያልተወሰነላት እኅት ከጀርመን መውጣት አትችልም፤ ለእርሷ የሚሆነውን ጉዞ ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

ሁለተኛው ቀን ነው። የሥራ ፈቃዳችንን ከአለቃ በጽሑፍ እንቀበላለን። ከጆብ ሴንተር ድጋፍ የምታገኝ እኅት ከመሄዷ በፊት ታስፈቅዳለች፤ ሳትናገር ብትሄድ ድጋፉ ሊቋረጥባት ይችላል። ልጆች ያሉን ደግሞ ትኬቱ ስለረከሰ ብቻ ከዕረፍት በፊት ከትምህርት ቤት አናስቀራቸውም፤ ቅጣት አለው፣ ቅጣቱም ያተረፍነውን ይበላዋል።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። ዋጋ ስንል የትኬቱን ብቻ ሳይሆን ከቤታችን በር እስከ ማረፊያው በር ያለውን ማለታችን ነው። ያ 19 ዩሮ ምን እንደሆነ እናሳያችሁ። ደርሶ መልስ 38 ዩሮ ነው። አውሮፕላኑ የሚነሣው ግን ከሃን ነበር፤ ስሙ ፍራንክፈርት ሃን ቢባልም ከእኛ ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለአውቶቡስ ደርሶ መልስ 40 ዩሮ ከፈልን። ለሻንጣ ደግሞ 56። በጠቅላላው 134 ዩሮ፣ በዚያ ላይ እንቅልፍ ያጣንበት ሌሊት። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በሁለተኛው ጉዞ ከዚሁ ከከተማችን አየር ማረፊያ ተነሥተን፣ ከወንበር በታች የምትገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዘን 68 ዩሮ ከፈልን።

የሁለተኛውን ጉዞ ሒሳብ ሙሉውን እነሆ። ባለፈው ዓመት ማርች ላይ ነበር፤ ዓርብ ሄደን ሰኞ ተመለስን። ለአንድ ሰው፦ አውሮፕላን 68፣ የሦስት ሌሊት ማረፊያ ከከተማው የእንግዳ ቀረጥ ጋር 129፣ የከተማ መጓጓዣ 30፣ ምግብ 60፣ መጠባበቂያ 33። ድምሩ 320 ዩሮ ነው። በወር 40 ዩሮ እያስቀመጥን በስምንት ወር ሞላ። ከመጠባበቂያው 12 ዩሮ ወጣ፤ 21 ዩሮው ለእያንዳንዳችን ተመለሰ። መጠባበቂያ የሚባለው መስመር የገባው እኅታችን ከቀረችበት ቀን በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ጉዞ አልነበረንም።

ያረፍነው መነኮሳይያት በሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ ነው። በሮም እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ንጹሕና ጸጥ ያሉ ናቸው፣ ብዙዎቹ ግን ማታ በር የሚዘጉበት ሰዓት አላቸው። በመጀመሪያው ጊዜ በዘመድ ቤት ተበታትነን ነበር። አንድ ክፍል ቤት ላይ ሦስት እንግዳ መጫን ለእኛ ነጻ ቢመስልም ወጪው ባለቤቲቱ ላይ ነበር።

ምግቡ 60 ዩሮ ብቻ የሆነው ዐቢይ ጾም ስለነበረና ስንቅ ስለያዝን ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጁም። ንጥር ቅቤ ግን በእጅ ሻንጣ አትያዙ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ ነው ብለው አንዲት ሙሉ ጠርሙስ ወስደውብናል። ውኃ መግዛት አያስፈልግም፤ በሮም መንገድ ዳር ቀንና ሌሊት የሚፈስ የሚጠጣ ውኃ አለ። የጤና መድን ካርዳችንን ጀርባ ተመልከቱ፤ ኢጣሊያ ውስጥ ድንገት ብንታመም የሚያገለግለን እርሱ ነው። ስዊዘርላንድ የምትሄዱ ግን አስቀድማችሁ መድን ድርጅታችሁን ጠይቁ።

የወሩን የመጀመሪያ እሑድ የመረጥነውም በምክንያት ነው። በዚያ ቀን የኢጣሊያ የመንግሥት ሙዚየሞችና ኮሎሴየም በነጻ ይከፈታሉ። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ማልዳችሁ ድረሱ። የራሳችንን ታሪክ ለማየት ደግሞ የመግቢያ ክፍያ የለም። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ ስትወጡ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የኢጣሊያ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ስንቶቻችን ሻንጣ እየጎተትን ሳናውቀው አልፈነዋል! ከጥንቱ የሠረገላ መወዳደሪያ ሜዳ ጫፍ ላይ ደግሞ ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት የቆመበትን ቦታ አየን። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ገብቷል። ባዶውን ቦታ ለማየት ስንሄድ ከመካከላችን ያለቀሱ እናት ነበሩ።

320 ዩሮ የሚከብደን ወይም ወረቀታችን ገና የሆነ እኅቶች አንቀርም። ዶይችላንድ ቲኬት ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ነው። በፈጣኖቹ ባቡሮች አያሳፍርም፤ በክልል ባቡሮችና በከተማ መጓጓዣዎች ግን በመላው ጀርመን ያስኬዳል፣ እስከ ዛልትስቡርግም ያደርሳል። የወር ክፍያ ውል ስለሆነ ለአንድ ወር ብቻ የምትፈልጉት እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ድረስ መሰረዝ አትርሱ። በዚህ ቲኬት ትሪር ሄደን ሮማውያን የሠሩትን ጥቁሩን በር አይተናል፤ ወረቀቷ ያልተወሰነላት እኅትም አብራን ነበረች። ድንበር ማለፍ የምትችሉ ደግሞ ከትሪር ቀጥላ ያለችውን ሉክሰምበርግን እዩ። በአገሪቱ ውስጥ ባቡሩም አውቶቡሱም ከ2020 ጀምሮ በሁለተኛ ማዕረግ ነጻ ነው። ለአንድ ጉዞ በተገዛ ትኬት ስትሄዱ ባቡር አንድ ሰዓት ከዘገየባችሁ የትኬቱን ዋጋ ሩብ፣ ሁለት ሰዓት ከዘገየ ግማሹን የመጠየቅ መብት አላችሁ። ስለዚህ ትኬቱን ቤት እስክትገቡ አትጣሉት።

በመጨረሻ፣ እኅታችን በሁለተኛው ጉዞ አብራን መጣች። ካርዷን ከስምንት ወር በፊት አይተነዋል፤ ከመነሣታችን በፊት ባለው ሳምንትም ደግመን አየነው። የጓደኛዋን በር ስታንኳኳ እኛ ቦርሳችንን ይዘን ደረጃው ላይ ቆመን ነበር። ሁለቱ ተቃቅፈው ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም። ሕፃኗ ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ «ማን ናት?» አለች። እናቷ መልስ ለመስጠት ጥቂት ጊዜ ፈጀባት።

እንዲህ ያለው ጥያቄ በሌላ ቤት እንዳይጠየቅ ነው ይህን ሁሉ የነገርናችሁ። የሚቀጥለው ጉዞ መዝገብ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስትመዘገቡ ከስማችሁ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ዓምድ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ የሚያበቃበት ቀን ነው። እርሱ ካልተሞላ የትኬት ዋጋ አንጠይቅም።