የጸሓፊ ማኅደር



በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ዳዊቱና ገድሉ የሚቀመጥበት የቆዳ ከረጢት ማኅደር ይባላል። ቃሉ ኀደረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ማደሪያ ማለት ነው። በየመሥሪያ ቤታችንም የአንድ ሠራተኛ የቅጥሩ፣ የዕድገቱና የዝውውሩ ወረቀት የሚሰበሰብበትን ክላሴር ማኅደር እንለዋለን። ዛሬ ግን የምንነጋገረው ስለ ሦስተኛ ዐይነት ማኅደር ነው፤ ይኸውም አንድ ደራሲ ሲሞት በሣጥኑ ውስጥ ትቶት ስለሚሄደው ወረቀት ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆኑንን ሰው ከዚያው አገር እናገኛለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው በእንጦጦ ከተማሩ በኋላ በጸሓፊነት ጀምረው እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ደረሱ። ከዚህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ጋራ ቅኔ ሰበሰቡ፤ ግጥምና ልብ ወለድ ጻፉ፤ ከግእዙ ወደ ዐማርኛ መለሱ፤ ጎሐ ጽባሕ የተባለውንም ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። ሥራ በዛብኝ እያልን ብዕር ለምንጥል ሁሉ የእኒህ ሰው ኑሮ መልስ ይሰጠናል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ የወረቀትን ዋጋ ቀድመው ያወቁ ሰው ነበሩ። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የዐማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው እንደገና አወጡት። በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን የታሰበ መሆኑን በርእሱ ላይ ገልጸዋል። እንግዲህ አሳባቸው ለራሳቸው ዘመን ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ነገር ግን የደረሰውን ተመልከቱ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ «የኢትዮጵያ ታሪክ» የተባለው ትልቁ መጽሐፋቸው ገና ከማተሚያ ቤት አልወጣም ነበር። ኢጣልያኖች የታተመውን አጠፉት፤ ከጥፋቱ ያመለጠው እጅግ ጥቂት ነው። ደራሲው ተሰደዱ። ሁለት ልጆቻቸው፣ ፈቃደ ሥላሴና ጆርጅ፣ በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደሉ። እርሳቸውም በመስከረም 1931 ዓ.ም. ባዝ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ዐረፉ። ዐፅማቸው ከነጻነት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል፤ የተቃጠለ ወረቀት ግን ከስደት አይመለስም።

ከዚህ አንድ ነገር እንማር። ያ መጽሐፍ ፈጽሞ ሳይጠፋ የቀረው ታትሞ ስለ ነበረ ነው፤ መቶው ቢቃጠል አንዱ ይተርፋልና። የደራሲ የእጅ ጽሑፍ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱ ከጠፋ ምትክ የለውም።

ምናልባት አንዳንዱ አንባቢ «መጽሐፉ ከታተመ ረቂቁ ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። የታተመ መጽሐፍ የደራሲውን የመጨረሻ ቃል ይነግረናል፤ ረቂቁ ግን እዚያ እንዴት እንደ ደረሰ ያሳየናል። ተርጓሚው የሰረዘው ቃል ከመረጠው ቃል እኩል ያስተምራል። ባለ ቅኔው በደብዳቤ ኅዳግ የጫራት ስንኝ ግጥሙ የተወለደበትን ቀን ትናገራለች። የአሳታሚው የሒሳብ ደብተር ደግሞ ወረቀት ስንት ይገዛ እንደ ነበረ፣ ስንት ቅጂ እንደ ታተመ፣ ማን በዱቤ እንደ ወሰደ ያስረዳል። ወራሾች ፈጥነው የሚጥሉትም ይህንኑ ደብተር ነው፤ የማይረባ መስሎ ይታያቸዋልና።

መንግሥታትም የዚህን ነገር ክብደት ያውቃሉ። በ1939 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋራ በተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ፣ ኢጣልያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራና የሃይማኖት ዕቃ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ሲታዘዝ፣ መዛግብትም በስም ተጠርተዋል። የአክሱም ሐውልት እንኳ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከባዕድ እጅ ማስመለስ ይህን ያህል ዘመን ከፈጀ፣ በገዛ እጃችን ያለውን መጠበቅ ምንኛ ይቀላል!

አገራችን ለዚህ የሚሆን ቤት አላት። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 ደግሞ የመዛግብቱንና የመጻሕፍቱን ጥበቃ በአንድነት ደንግጓል። ነገር ግን መዝገብ ቤት በሰው ጓዳ ያለውን ሣጥን አያይም። ያንን የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ የአባት ወይም የዘመድ ወረቀት በእጃችሁ ቢኖር፣ ያስቀመጠበትን ተራ አትለውጡ፤ ተራው ራሱ ምስክር ነው። የዛገውን መርፌ ቁልፍና ስፒል አውጡ። ከርጥበት፣ ከጢስ፣ ከፀሐይና ከአይጥ አርቁት። በፎቶግራፉ ጀርባ የሰዎቹን ስም በቀለም ሳይሆን በእርሳስ፣ ሳይጫኑ ጻፉ፤ ያን ፊት የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቁ። ለመዝገብ ቤት ስታስረክቡም ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱን አስፈርማችሁ ያዙ።

«የቤተ ሰብ ገመና ይወጣል» ብሎ የሚፈራ አለ። ፍርሀቱ አያስነቅፍም፤ በሣጥን ውስጥ የዕዳ ወረቀትም የጠብ ደብዳቤም አይታጣምና። ሆኖም ለገመና መፍትሔው እሳት አይደለም። የሚያሳፍረውን ለይቶ ማሸግ፣ እስከዚህ ዓመት አይከፈት ብሎ በጽሑፍ መዋዋል ይቻላል። የታሸገ ነገር ቀን ሲደርስ ይከፈታል፤ የተቃጠለውን ግን ማንም አይከፍተውም።

አንባብያን ሆይ፤ በመሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ከማኅደሩ ቢጠፋ ተጠያቂ ይፈለጋል። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ድካም ከቤታችን ሲጠፋ ግን የሚጠይቀን የለም። የሚጠይቁን ኋላ የሚነሡት ልጆች ናቸው፤ እነርሱም ገና አልተወለዱም። ጠያቂው እስኪመጣ ሳንጠብቅ፣ በዚህ ሳምንት ዕረፍታችን ሣጥኑን ከፍተን እንመልከት።