አክርማን ከስንደዶ መለየት



ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ከዓመታት በፊት ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሉማሜ አቅራቢያ፣ ከአንድ የጋራ ግጦሽ የሣር ናሙና ሰበሰብሁ። ሣሩ ገና ዛላ አላወጣም ነበር፤ ቢሆንም በመለያ ወረቀቱ ላይ «ስንደዶ» ብዬ ጻፍሁ። በአጠገቤ ሲያልፉ የነበሩ አንዲት እናት ቅጠሉን ሳብ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኼማ አክርማ ነው» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። አክርማ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኤሉሲኔ ፍሎኪፎሊያ፣ ከአንድ ሥር ታጭቆ እየወጣ ጉብታ የሚሠራ ዘላቂ ሣር ነው። ስሙን ያገኘው በቅጠሉ ጠርዝ ላይ እዚህም እዚያም ከሚታዩት ነጫጭ የጠጉር ጉንጉኖች ነው፤ እኔም በማጉያ መነጽር ብመለከት ኖሮ ዛላ ባልጠበቅሁ ነበር። ዛላ ሲያወጣ ደግሞ ጥርጣሬ አይኖርም፤ የስንደዶ ዛላ እንደ ጭራ አንድ ወጥ ሲሆን፣ የአክርማው እንደ ጣት የተከፋፈለ ነው። ይህን ቅርጽ የምታውቁት ከዳጉሳ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ወገን ናቸውና። ዝርያውን መጀመሪያ የገለጸው ፎርስኮል ነው፤ እርሱ በ1763 እ.ኤ.አ. በየመን ከሞተ በኋላ ሥራው በ1775 ታተመ። የአገራችንን ሣሮች ለመለየት የምንጠቀምበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ 7ኛ ቅጽ በሲልቪያ ፊሊፕስ ተዘጋጅቶ የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው።

ይሁን እንጂ ክርክሬ ከስም ያልፋል። አክርማ ሲጠነክር ከብት አይደፍረውም፤ ስለዚህም ግጦሹ በተራቆተ ቁጥር እርሱ ይበዛል። ተማሪዎቻችን በመስክ ቅጽ ላይ «ጥቅም የሌለው አረም» ብለው የሚመዘግቡት በዚህ ምክንያት ነው። ለላም አባባሉ እውነት ነው። ሞሰብ፣ ሰፌድና አገልግል ለምትሰፋ ሴት ግን ያው ጥንካሬ ዋና ሀብቷ ነው፤ ወስፌ ሲበሳው፣ ውኃ ሲነካው፣ ለዓመታት ሲያገለግል የሚችል ሣር ያስፈልጋታልና። ስንደዶም ወደ ስፌቱ ይገባል፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይተካም። የጋራ ግጦሹ ታርሶ ሲያልቅ እንጀራ የሚቀርብበት ዕቃ ጥሬ ዕቃም አብሮ ይታረሳል። ይህን ኪሳራ የእኛ ቅጽ የሚይዝበት ዓምድ የለውም።

ስለዚህ በመጪው ክረምት ለመስክ የምትወጡ ሁሉ ናሙናውን ከነሥሩና ከነዛላው አምጡ። «ጥቅም» የሚለውንም ክፍል ከመሙላታችሁ በፊት እረኛውንም ሰፊዋንም ጠይቁ፤ ሁለቱ የሚሰጧችሁ መልስ ከተለያየ ሁለቱንም ጻፉ።