ከልካዩ ፕሮቲን



ዛሬ የምናገረው በአንጀታችን ውስጥ ስለሚኖር ኢ. ኮላይ ስለሚባል ባክቴሪያ ነው። አርእስቱ ለበዓል ቀን የሚመች አይመስልም፤ ቢሆንም ጥቂት ታገሡኝ።

ይህ ፍጡር ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር ለመመገብ ልዩ ፕሮቲኖች ያስፈልጉታል። ከነዚህም አንዱ ስኳሩን ለሁለት የሚከፍለው ኤንዛይም ነው። ላክቶስ በሌለ ጊዜ ግን ከጥቂት በቀር አይሠራቸውም። ሊጥ በሌለበት ቀን ምጣድ የምትጥድ ባለቤት የለችምና። ነገር ግን ባለቤቲቱ ዓይን አላት፤ ዓይንም አእምሮም የሌለው ባክቴሪያ የስኳሩን መኖር በምን ያውቃል?

በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ዣክ ሞኖ አስቀድሞ ያሰበው፣ ሥራውን የሚያስጀምር ቀስቃሽ ነገር አለ፤ ያለ ስኳር ዘወትር ኤንዛይሙን የሚሠሩት እንግዳ ባክቴሪያዎችም ቀስቃሹን ከራሳቸው ያወጣሉ ብሎ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከፍራንስዋ ዣኮብና ከአሜሪካዊው አርተር ፓርዲ ጋር ሆኖ ነገሩን ፈተነው። የኤንዛይሙም የመቆጣጠሪያውም ጂን ከተበላሸበት ባክቴሪያ ውስጥ፣ ስኳር ሳይጨምሩ፣ ሁለቱን ደኅና ጂኖች ከሌላ ባክቴሪያ አስገቡ። ኤንዛይሙ ወዲያው መሠራት ጀመረ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ግን ሥራው ቆመ! የገባው የመቆጣጠሪያ ጂን ቀስ በቀስ የሚያጠራቅመው ከልካይ ነገር አለ ማለት ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ይህ ነው፤ ሞኖ የገዛ አሳቡን ያፈረሰውን ሙከራ ራሱ አብሮ ሠራ፤ ውጤቱንም ተቀበለ።

ከልካዩ በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ከኤንዛይሙ ጂን መነሻ አጠገብ ይቀመጣል፤ ጂኑን የሚገለብጠውም ሠራተኛ ሥራውን መጀመር ያቅተዋል። ላክቶስ ሲገባ፣ አስቀድሞ የተሠሩት ጥቂት ኤንዛይሞች ከፊሉን ወደ አሎላክቶስ ይለውጡታል። እርሱም ከከልካዩ ጋር ተጣብቆ ቅርጹን ይለውጠዋል፤ ከልካዩም ዲ.ኤን.ኤ.ውን ይለቃል። እንግዲህ እነዚያ ጥቂቶች ባይኖሩ ኖሮ መልእክቱን የሚያደርስ አይገኝም ነበር። (ግሉኮስ አብሮ ካለ ሥራው እንደ ልብ አይቀጥልም፤ ይህ ግን የሌላ ቀን ትምህርት ነው።)

ዣኮብና ሞኖ አሳባቸውን በ1961 አሳተሙ፤ በ1965ም ከአንድሬ ልዎፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ያን ጊዜ ከልካዩን ለይቶ ያወጣው ሰው ገና አልነበረም! በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ የሚገኘው ዐሥር ያህል ብቻ ስለ ሆነ እርሱን መፈለግ እጅግ አድካሚ ነበር። በ1966 ግን ዋልተር ጊልበርትና ቤኖ ሙለር ሂል በሃርቫርድ ለይተው አወጡት፤ ፕሮቲንም ሆኖ ተገኘ። በ1996 ደግሞ ሙሉ ቅርጹ በኤክስሬይ ታወቀ፤ አራት እኩል ክፍሎች አሉት።