በምላስ የሚሰፋ ፊደል



አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሆውቶርን እ.ኤ.አ. በ1850 ባሳተመው «ቀዩ ፊደል» በተባለው ልብ ወለድ፣ ሄስተር የምትባል የቦስተን ሴት ከባሏ ሌላ ልጅ በመውለዷ በደረቷ ላይ ቀይ ፊደል ሰፍታ እንድትኖር ተፈረደባት። የልጂቱ አባት ግን የተከበረ ሰባኪ ነበርና ሰባት ዓመት ዝም አለ። ለእርሷ ነቀፋ፣ ለእርሱ ምስጋና ደረሰ።

እኛ የመርካቶ ልጆች ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይምሰለን። በሸማ ተራ እንዲህ ያለ ፊደል የሚሰፋ ልብስ ሰፊ የለም፤ ነገር ግን «ዲቃላ» የምትባለው ስድብ ያለ መርፌና ያለ ክር በሕፃን ላይ ትሰፋለች። ምንም ያላጠፋው ልጅ ያፍራል፤ አባቱን ግን የሚጠይቀው የለም። ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ግን ይሰብራል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ደንግጓል። ሕጉ ስፌቱን ተርትሮታል፤ እኛ ግን በምላሳችን መልሰን እንሰፋዋለን። ኃጢአት ኃጢአት አይደለም አንልም፤ ሸክሙን ግን ለእናትና ለሕፃን ብቻ አናሸክም። እንግዲህ ይህን ቃል ከትምህርት ቤታችን ግቢ እናስወጣው።