በቅንነት የተደረሰ ዜማና የዘገየ ምስጋና

(በራዲዮ የተነገረ)



ዘፈን በብዙ ሰው ዘንድ የድካም ማስረሻ ብቻ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ዘፈንም እንደ ማንኛውም ሥራ ወይ በቅንነት ይሠራል፣ ወይም ለገበያ ብቻ ተብሎ ይለበጣል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን አንድ የእንግሊዝ አገር የሙዚቃ ቡድንና ያወጣው አንድ ሸክላ ስለ ሆነ፣ በዛሬው ንግግሬ የዚህን ሸክላ ታሪክ በአጭሩ አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡድኑ ዞምቢስ ይባላል፤ ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው በሴንት ኦልባንስ ከተማ በወጣቶች የተቋቋመ ነው። ሮድ አርጀንት ፒያኖና ኦርጋን፣ ክሪስ ዋይት ባስ ጊታር፣ ፖል አትኪንሰን ጊታር ይጫወቱ፣ ሂው ግራንዲም ከበሮ ይመታ ነበር። ዘፋኙ ኮሊን ብለንስቶን ነበር። በ1964 የመጀመሪያው ሸክላቸው በአገራቸውና በአሜሪካ ስማቸውን ቢያስጠራም፣ ከዚያ በኋላ ካወጧቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ ገበያ አጡ።

በ1967 አርጀንትና ዋይት የሌላ ሰው እጅ ሳይገባበት፣ ራሳቸው እንደሚወዱት አድርገው አንድ ሙሉ ሸክላ ለመሥራት ቆረጡ። የተፈቀደላቸው ገንዘብ 1,000 ፓውንድ ያህል ብቻ ስለ ነበረ ዘፈኖቹን አስቀድመው በልምምድ አጥንተው ወደ ስቱዲዮ ይገቡ ነበር። ገንዘቡ አልቆ ሥራው ሲጎድልም ሁለቱ ደራሲዎች ከኪሳቸው አወጡ። ሸክላው «ኦደሲ ኤንድ ኦራክል» ተባለ፤ ሽፋኑን የሣለው ሰው የመጀመሪያውን ቃል ፊደል ቢሳሳት ስሕተቱ ሳይታረም እስከ ዛሬ ቀርቶአል።

በዚህ ሸክላ ላይ 12 ዘፈኖች አሉ። የመጀመሪያው ከእስር ቤት ሊወጣ ለተቃረበ ወዳጅ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ጥፋቱ ምን እንደ ነበረ አይነገርም፤ የሚነገረው ናፍቆቱና ቤቱ ለመቀበል መዘጋጀቱ ነው። ዜማው ግን እንደ በዓል ቀን ደስ የሚል ስለ ሆነ፣ ቃሉን ያላስተዋለ ሰው ኀዘን ያለበት አይመስለውም። በእኛ ቅኔ አነጋገር፣ ሰሙ ደስታ፣ ወርቁ ናፍቆት ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው ዘፈን ስሙን ከአሜሪካዊው ደራሲ ከፎክነር አጭር ልብ ወለድ የወሰደ ሲሆን፣ ለሌሎች ጽጌረዳ እያሳደገች ለራሷ የሚሰጣት አጥታ ያረጀችን ሴት ይገልጻል። ከፒያኖና ከሰው ድምፅ በስተቀር ሌላ መሣሪያ የለበትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተውን ሥጋ ሻጭ የሚያነሣውን ዘፈን ደግሞ ዋይት ራሱ ዘፍኖታል። ሥጋ መቁረጥ የለመደው ይህ ሰው በጦር ሜዳ ያየውን መሸከም አቅቶት እጁ ሲንቀጠቀጥ ይሰማናል። ደራሲዎቹ እስረኛም፣ ባልቴትም፣ ዘማችም አልነበሩም፤ ነገር ግን የሌላውን ሰው ኀዘን ሳያጋንኑና ሳያለቅሱ በተራ ቃል ነገሩን። ከልብ የመነጨ ድርሰት የሚባለውም ይህ ነው።

ሥራው አልቆ ገና ሳይወጣ ግን ቡድኑ በታኅሣሥ 1967 ተበተነ። ምክንያቱ ጠብ ብቻ አልነበረም። ሁለቱ ከድርሰት መብታቸው ገቢ ሲያገኙ፣ ሦስቱ የሚተዳደሩበት አልነበራቸውም። ሸክላው በሚያዝያ 1968 ሲወጣ የገዛው ሰው ጥቂት ነበር። ያ ድንቅ ድምፅ ያለው ብለንስቶንም በአንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ከወረቀት ጋር ይውል ጀመር።

አል ኩፐር የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ሸክላው በአገሩ እንዲወጣ ባይከራከር ኖሮ ነገሩ በዚሁ በቀረ ነበር። ከ12ቱ የመጨረሻው ዘፈን፣ ሲቀረጽ ዘፋኙና ደራሲው ስለ አዘፋፈኑ የተጣሉበት «ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን» በ1969 በአሜሪካ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ቡድኑ ግን አልነበረም። እነርሱ ለመሰብሰብ ባይፈቅዱ፣ በስማቸው የሚነግዱ ሐሰተኞች በአሜሪካ ከተሞች እየዞሩ ተጫወቱ። በሕይወት የቀሩት አራቱ ሸክላውን በሙሉ በለንደን መድረክ ላይ የተጫወቱት ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2008 ነው። አትኪንሰን በ2004 ዐርፎ ነበር።

«የማታ ማታ እውነት ይረታ» ይባላል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ማታው እስኪመጣ ሠራተኛው ምን ይብላ? የዘገየው ዝና ሸክላውን ከመረሳት አድኖታል፤ የተበተነውን ቡድን ግን በጊዜው ሊሰበስበው አልቻለም። እንግዲህ ሥራ የተሰጠን ሰዎች፣ የሚያየን ባይኖርም እንኳ፣ ሥራችንን እንደ እነዚህ ወጣቶች አጥንተን በቅንነት እንሥራ። የሌላውን ሥራ የምናይና የምንሰማ ስንሆን ደግሞ ምስጋናችንን ለነገ አናሳድር። ባጠገባችን ባለው ጠረጴዛ የተቀመጠው ሰው ምን ያለ ድምፅ እንዳለው አናውቅምና።