ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት እንመካከር



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር በቆሎውና በርበሬው ተሸጦ ገንዘብ እጃችን ሲገባ ሐሳባችንም ይበዛል። አንዱ ልጁን ወደ ዐረብ አገር ሊልክ፣ ሌላው የውሃ መሳቢያ ሞተር ሊገዛ፣ ወጣቱ ዘመናዊ ስልክ ሊይዝ ያስባል። ሐሳቡ አይነቀፍም። ነገር ግን የዓመት ልፋት በአንድ ቀን የሚወጣበት ነውና አስቀድመን ልንመካከር ይገባናል።

አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣን ምእመናንን ሲያወድስ ሰላት ከመስገድና ከመለገስ ጋር በጉዳያቸው መመካከራቸውን አንሥቷል፤ ምዕራፉም አሽ-ሹራ ተብሏል። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንኳ ሰው ያማክሩ ነበር። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና በጠላት ልትከበብ ስትል ኸንደቅ እንዲቆፈር ሐሳብ ያቀረቡት ከፋርስ የመጡት ሰልማን ናቸው። ዐረቦች ያልለመዱት ዘዴ ስለነበር የሚያውቀው ሰው ተሰማ። በ6ኛው ዓመት ለዑምራ ወጥተው ሑደይቢያ ላይ ሲታገዱና ሶሐቦች በሐዘን ሲዘገዩ፣ ነቢዩ የባለቤታቸውን የኡሙ ሰለማን ምክር ተቀብለው ችግሩ ተፈታ። ታዲያ ከሚስቱ ተደብቆ በሬ የሚሸጥ፣ መሬት የሚያከራይ ሰው የማንን ፈለግ ተከትሎ ነው?

በ2006 ዓ.ል. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን እንዲመለሱ መደረጋቸውን አንዘነጋም። ለደላላ የተከፈለው ገንዘብ ግን አብሮ አልተመለሰም። በ2008 ዓ.ል. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውንና የደርሶ መልስ ቲኬቱን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት ያለውን ነው። ስለዚህ "የቪዛ አምጡ" የሚል ሲመጣ፣ ከመክፈላችን በፊት ጉዳዩ የሚመለከተውን የወረዳ ጽ/ቤት እንጠይቅ። ሐጅ እንኳ ግዴታ የሆነው ለቻለ ነው፤ መቻል ማለትም ዕዳን ከፍሎ፣ ለቤተሰብ ቀለብ ትቶ መሄድ ነው።

ዕቃ ስንገዛም የሚሸጥልንን ብቻ አንስማ። ከላይ ተቀምጦ የሚስብ የውሃ ሞተር ውሃው ከ7 ወይም ከ8 ሜትር በታች ከራቀ ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢበዛ መሳብ ያቅተዋል። እንግዲያው መጀመሪያ ጉድጓዳችንን በገመድ እንለካ፤ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ እናማክር፤ ሁለት በጋ የሠራበትን ጎረቤትም ስለ ነዳጁ፣ ስለ መለዋወጫውና ስለ ጠጋኙ እንጠይቅ። ስልክ የሚገዛም *#06# ደውሎ የሚመጣው ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ይመልከት፤ የሚያውቅ ሰውም ይዞ ይሂድ።

ምክር የሚጠየቅ ሰው ደግሞ አማና እንደተሸከመ ነቢያችን አስተምረውናል። ኮሚሽን ሊበላ፣ ወይም ወንድሙን ላለማስከፋት እውነቱን የሚደብቅ አማናውን አጉድሏል። የምናውቀውን እንናገር፤ የማናውቀውን "አላውቅም" ማለት አያሳፍርም።

ሰውን ካማከርን በኋላ ሁለት ረከዓ ሰግደን የኢስቲኻራ ዱዓ እናድርግ፤ ከዚያም በአላህ ተመክተን እንወስን። ኢስቲኻራ ግን ጉድጓዱን ከመለካትና ደረሰኝ ከመቀበል አያድነንም።

አላህ ሪዝቃችንን በበረካ የተሞላ፣ ቤታችንንም የመመካከር ቤት ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።